ፈርዶሳ ስለ ራሷ የተናገረችው

የትኛው ቃል ነው ፈርዶሳን የሚያድናት? ጭሮ መናኸሪያ አጠገብ ባለችው ኮፒ ቤቴ፣ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጬ መልሱ ጠፋኝ። ህንድ ለዓመታት ተምሬ ነው የተመለስኩት፤ ሰው የሚፈልገኝም እንግሊዝኛ ታውቃለች እየተባልኩ ነው። ያን ቀን ግን «ዲዘርቭ»፣ «አቺቭ»፣ «ኧርን» የሚሉ ቃላት ጽፌ አንዱን መምረጥ አቃተኝ።

ፈርዶሳ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ማሌዥያ ላለ ኮሌጅ ነጻ የትምህርት ዕድል እያመለከተች ነበር። ዕድሉ ለምን ለእሷ እንደሚሰጥ በአጭሩ እንድትገልጽ ተጠይቃለች። አንድ የገለምሶ ጫት ነጋዴ ደግሞ ሽማግሌ ልኮባታል። አባቷ በድሪ ቁርጡን ነግሯታል፤ ዕድሉን ካገኘች ትሄዳለች፣ ካላገኘች ትዳራለች። የነጋዴው የመጀመሪያ ሚስት ክንዷ ተሰብሮ ነው ወደ ወላጆቿ የተመለሰችው። ይህን የነገረችኝ ፈርዶሳ ራሷ ናት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«አላህ ሰጠኝ ብለሽ ጻፊው» አለችኝ። በእነ ፈርዶሳ ቤት እንዲህ ነው የሚወራው። እናቷ ሙስሊማ የልጇን ውጤት የሚጠይቃት ጎረቤት ካለ «ደህና ነው» ብላ ታልፋለች። ከፈርዶሳ በፊት የነበረው ወንድ ልጇ ጎበዝነቱ ሰርግ ላይ በተወራ በሳምንቱ በትኩሳት ሞተባት። ዓይን ነው አለች። ከዚያ ወዲህ ቤቷ ውስጥ «እኔ ሠራሁ» የሚል ሰው የለም።

እኔም የጴንጤ ልጅ ነኝ፤ «በጸጋው» እያልኩ ነው ያደግሁት። ህንድ ሳለሁ ሥራ ልቀጠር ስል ምን እንዳከናወንኩ ሲጠይቁኝም እንዲሁ ብዬ መለስኩ፤ ምንም እንዳልሠራ ሰው ቆጠሩኝ። ስለዚህ ለፈርዶሳ አስረዳኋት። «ዲዘርቭ» ይገባኛል ነው፤ ስጡኝ ማለት ይመስላል። «አቺቭ» ካሰብኩት ደረስኩ ነው፤ ልፋቱን ግን አያሳይም። «ኧርን» ግን ለፍቶ ማግኘት ነው።

«ኑኃሚንዬ፣ ትዕቢት አይሆንም?»

«ሠርተሽ ያገኘሽው ነው እኮ።»

«እማዬ ብትሰማስ?»

«እናትሽ ደግሞ መቼ እንግሊዝኛ ጀመረች?» ብዬ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ዝምታዋን እሺ ነው ብዬ ወሰድኩትና «ኧርን»ን መርጬ ላክሁት።

ኮሌጁ በቪዲዮ ሊያነጋግራት ቀጠረ። ኔትወርክ የሚሻለው እኔ ጋ ስለሆነ እዚሁ መጣች፤ ሙስሊማም ልጄ ከማን ጋር እንደምታወራ ልይ ብላ ተከትላት መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። የውጪው የባጃጅ ጩኸት እንዳይገባ በሩን ዘጋሁት።

ጠያቂዋ ፈገግተኛ ሴት ነበረች። የላክነውን ካነበበች በኋላ፣ ይህን ውጤት በራሷ ልፋት ስለማግኘቷ በራሷ አፍ እንድትነግራት ጠየቀቻት። ፈርዶሳ ወደ እናቷ ሰረቅ አድርጋ አየች። ሙስሊማ ቋንቋውን አልሰማችም፤ የልጇን ፊት ግን አይታ እጇን ፈርዶሳ ጉልበት ላይ አኖረች። ፈርዶሳ ያን እጅ አየችው። እኔም አየሁት።

«እኔ ምንም አላደረግሁም» አለች በጥሩ እንግሊዝኛ። «ተሰጠኝ ነው እንጂ።»

ሴትዮዋ ፈገግታዋ ቀነሰ። ታዲያ ይህን የጻፈው ማን ነው ስትል ጠየቀች። ፈርዶሳ መዋሸት አታውቅም፤ ዞራ በጣቷ ወደ እኔ ጠቆመች። ንግግሩ ወዲያው በትሕትና አለቀ።

«ማሻአላህ፣ ሴትዮዋ ጨዋ ናት» አለች ሙስሊማ ስትነሳ። ፈርዶሳ ሻርፗን እያስተካከለች ተከተለቻት።

ብቻዬን ስቀር ለሴትዮዋ ጻፍኩላት፦ «ቃሉን የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ የለፋችው ግን እሷ ናት። እናቷ አጠገቧ እያለች ሠራሁ ማለት ትፈራለች፤ ወንድሟ ሞቶባታል። እባክዎ አንድ ጊዜ ብቻዋን ያነጋግሯት። ካልሆነ የሚድሯት ሰው ሴት ይደበድባል።»

ላክሁት። ፈርዶሳ የሆነውን ለአባቷ ነግራው ኖሮ፣ በማግስቱ ከገለምሶ የመጡ ሰዎች ከኮፒ ቤቱ ማዶ ባለው በበድሪ ደጅ መኪና አቆሙ። ስልኬን እጄ ላይ ይዤ፣ ኮፒ ቤቱ በር ላይ ቆሜ አየኋቸው። መልስ የለም። መኪናዋ ፈርዶሳን ይዛ ወደ ገለምሶ በሚወስደው በበደሳ መንገድ ስትሄድም መልስ አልነበረም፤ እስከ ዛሬም የለም።