ስድስት ስድስት ያለው ይጀምራል

አንዱዓለም ሚስጥርን ለትዳር እንዲጠይቁለት ሦስት ሽማግሌዎች ከአዘዞ ወደ ጎንደር የላከው ጥምቀት እንዳለፈ ነበር። በምርጫው እንከን አልነበረም። መሪጌታ ገብረ ኪዳን አንደበታቸው የታወቀ ነው፤ አያ ክንዱ የእድሩ ዳኛ ናቸው፤ አጎቱ አያ አለነ ደግሞ ዝም ማለት ይችሉበታል፤ ለሽምግልና እሱም ያስፈልጋል።

ያልታሰበበት አንድ ነገር ብቻ ነው። ሦስት ሽማግሌ ላይ አንድ የልጅ አባት ሲጨመር አራት ይሆናል።

የሚስጥር አባት አያ አወቀ ጡረታ የወጡ የከባድ ማኪና ሹፌር ናቸው። በደጉ ዘመን፣ ክረምት ዛሪማ ላይ መንገድ በተቆረጠ ቁጥር ሹፌሮቹ ጭቃው እስኪደርቅ ዶሚኖ ይጫወቱ ነበር። ጭቃው ደረቀ፤ መንገዱም አስፋልት ሆነ፤ አያ አወቀ ግን ከዶሚኖው አልተነሡም። የቸገራቸው የጨዋታ ጓደኛ ነው። ጓደኞቻቸው ገሚሱ ሞቶ፣ ገሚሱ ልጆቹ ዘንድ ሄዶ፣ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ባለው ቤታቸው ጠረጴዛው ባዶውን ከርሟል።

እንግዲህ ሽማግሌዎቹ በወጉ መሠረት በር ላይ ቆመው፣ «የመጣንበት ጉዳይ አለ፤ መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም» ሲሉ፣ አያ አወቀ በዓይናቸው ቆጠሯቸው።

«ጉዳዩ ይደርሳል» አሉ። «ዶሚኖ ትችላላችሁ?»

ተቀመጡ።

ያን ዕለት ማታ አንዱዓለም በር ላይ ጠበቃቸው።

«እህሳ፣ ምን አሉ?»

«ሸጋ ሰው ናቸው» አሉ አያ ክንዱ፣ ፊታቸው እንደ ሙሽራ በርቶ።

«ልጅቱንስ?»

«የቷን ልጅ?»

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ለእሑድ ቀጥረውናል። የልጅ አባት በአንድ ቀን እሺ ካለ ልጁን ማርከስ ነው። ይልቅ ስማኝ ልጄ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ሃያ ስምንት ጠጠር አለ፤ ለአራት ሰው ሰባት ሰባት ይደርሳል። ፊት ለፊት የተቀመጡት ወዳጆች ናቸው። ስድስት ስድስት ያለው ይጀምራል። ከጫፉ ቁጥር የሚገጥም ካጣህ ጠረጴዛውን አንኳኩተህ ታልፋለህ። እጁ ላይ ያለውን ቀድሞ የጨረሰ አሸነፈ። ዋናው ግን ወዳጅህ የጣለውን አለመርሳት ነው፤ ማውራት ክልክል ስለሆነ የሚጥለው ጠጠር ንግግሩ ነው።»

አንዱዓለም ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ያስተምራል። ሲናደድም ታሪክ ያስተምራል። ዶሚኖ መነሻው ቻይና እንደሚባል፣ ጣሊያን አገር የታወቀው በአሥራ ስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደሆነ፣ እዚህም በጣሊያን ወታደር ቦርሳ ሳይገባ እንዳልቀረ፣ ለጋብቻ ጥያቄ ግን በየትም አገር ታሪክ መልስ ሆኖ እንደማያውቅ ዘረዘረ።

አያ ክንዱ በጽሞና አዳመጡ። «ታዲያ ቻይኖቹ» አሉ፣ «ጨዋታው ተዘግቶ ሁሉም ሲያልፍ አሸናፊውን እንዴት ነው የሚለዩት?»

እሑድ በእሑድ ላይ ተደረበ። ሁዳዴ ገባ፤ ፋሲካ ሆነ። ሽማግሌዎቹ አንድ ቀጠሮ አልቀሩም። አንዱዓለም ቢያንስ እምቢ በተባለ ብሎ ተመኘ፤ እምቢታ እንኳ ለሚቀጥለው ልመና በር ይከፍታል።

ሚስጥር ከሆስፒታሉ ፋርማሲ ደወለችለት። «ትናንት ስሜ ሁለቴ ተነሥቷል» አለችው። «ሁለቱንም ጊዜ ሻይ ጨምሪ ሊሉኝ። አንተ፣ በመስከረም ለትምህርት አዲስ አበባ መሄዴ ነው። ሳንጋባ ከሄድኩ አባዬ ‹ስትመለስ› ማለቱ አይቀርም፤ ስመለስ ደግሞ አዲስ ጨዋታ ይጀመራል።»

ሰኔ ላይ አያ አለነ ለዘመድ ተዝካር ዛሪማ ሄዱ። እሑድ ጧት አያ ክንዱ የአንዱዓለምን በር ደበደቡ።

«ልበስ! አራተኛ ጎድሏል።»

«ምን ማለትዎ ነው? ጠያቂው ራሱ ይሄዳል እንዴ? ነውር አይደለም?»

«እንደ ጠያቂ መች ትሄዳለህ» አሉ መሪጌታ ከኋላ። «እንደ አራተኛ ነው እንጂ።»

በሚኒባስና በባጃጅ ደረሱ። አያ አወቀ ከላይ እስከ ታች አዩት። «ታሪክ አስተማሪው አንተ ነህ? ከፊቴ ተቀመጥ። እጄን እንዳታበላሽ!»

ከአማቱ ጋር ወዳጅ ሆኖ መመደቡ አንዱዓለምን አስጨነቀው። መንገድ ላይ ያሰበው አክብሮ መሸነፍ ነበር፤ አሁን እሱ ከተሸነፈ አማቱም አብረው ሊሸነፉ ነው። ተወጥሮ ተጫወተ። በመጨረሻ እጁ ላይ ሁለት ጠጠር ቀረ፤ አምስት ስድስትና አምስት አራት። አንዱ ጫፍ አምስት ነው። ከባዱን ሊገላገል እጁን ሲሰድ፣ አያ አወቀ ከመጀመሪያው ጀምሮ አራት እየመረጡ ሲጥሉ እንደነበር ትዝ አለው። አምስት አራቱን አስቀመጠ። አያ ክንዱ አንኳኩተው አለፉ። አያ አወቀ የመጨረሻ ጠጠራቸውን ጠረጴዛው ላይ ሲያሳርፉት የሻይ ብርጭቆዎቹ ዘለሉ።

«አራት! አያችሁ? ሰማኝ እኮ! የገዛ ወንድሜ እንዲህ ሰምቶኝ አያውቅም!» ተነሥተው ግንባሩን ሳሙት። «በቃ፤ ልጄን ሰጥቻለሁ!»

አያ ክንዱ መሪጌታን አዩ፤ መሪጌታ ጣሪያውን አዩ።

«ምነው፣ እንዲህ ያለ ነገር በችኮላ ይሆናል?» አሉ አያ ክንዱ። «እኛም እንመካከርበትና... ለእሑድ መልስ ይዘን ብንመለስስ?»

«አገባቡስ እሱ ነው» አሉ መሪጌታ።

አንዱዓለም አፉን ከፈተ፤ ግን ጠጠሩ እየተበጠበጠ ነበር። ሚስጥር ብርጭቆ ልትሰበስብ ገብታ ወጣች። ድርሻውን አንሥቶ ሲያይ ሊል የነበረውን ትቶ ጠጠሩን ደረደረ፤ እንዲህ ያለ እጅ ለሰው በዕድሜው አንዴ ቢደርሰው ነው።

«ስድስት ስድስት ያለው ይጀምር» አሉ አያ አወቀ።

ማንም አልጀመረም።

«እኔ ስድስት ጠጠር ብቻ ነው የደረሰኝ» አሉ አያ ክንዱ።

«የጎደለው እኔ ጋ ነው» አለች ሚስጥር ከበሩ፣ መዳፏን ከፍታ። «የሠርጌ ዕለት እመልሰዋለሁ።»

በቀጠሮ ብቻ ግማሽ ዓመት ያህል የፈጀ ጉዳይ ሻይ ሳይቀዘቅዝ አለቀ። የሐዋርያት ጾም እንደተፈታ ባለው እሑድ ተባለ። «በዚያ ዝናብ?» ብለው የጀመሩት አያ አወቀ የልጃቸውን መዳፍ አይተው፣ «ድንኳን እንተክላለን» ብለው ጨረሱ። መሪጌታ ሌላ ጊዜ የሚያስረዝሙትን ምርቃት ቆመው አሳጠሩት።

«ይኸው፣ ተስማማን» አሉ አያ ክንዱ እጃቸውን ዘርግተው። «በይ አምጪ።»

«የሠርጌ ዕለት ነው ያልኩት።»

«እንዴት አርጋ እንደምትዘጋ እዩልኝ!» አሉ አባቷ፣ በንዴትም በኩራትም።

ሚስጥር ወደ አንዱዓለም ዞረች፤ ደስታውን ልታይ። እሱ ግን ሰባቱን ጠጠር እንደያዘ ነበር፤ አንዱንም አላስቀመጠም።

«ሚስጥርዬ» አላት ቀስ ብሎ፣ «ይቺን አንዷን ዙር ብቻ...»

አባቷን ስታይ በኖረችበት ዓይን አየችው፤ ጠጠሩን ኪሷ ከታ ብርጭቆዎቹን ሰበሰበች።