ደረቁ ቧንቧ

በዛሬው ዕለት፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ የክልሉ ተወካዮች፣ የማዕከላዊው የድጎማ ገምጋሚ ቡድንና የጤና ጣቢያው ሠራተኞች በተገኙበት፣ በእንግዳ መቀበያው ክፍል ግድግዳ ላይ ያለው ቧንቧ ውኃ እንደማይወርድበት በይፋ ተረጋገጠ።

ያረጋገጠው የገምጋሚው ቡድን መሪ ነው። ከወንበሩ ተነሣ፤ ቧንቧውን ጨብጦ እስከ መጨረሻው ከፈተ፤ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ፤ ራሱን በሐዘን ነቅንቆ ተመልሶ ተቀመጠ። ፎቶ አንሺው ፎቶ አነሣ። የክልሉ የበጀት ኃላፊ እጆቹን አጣምሮ፣ ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሰው፣ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። ቧንቧውን መልሶ የዘጋ ሰው አልነበረም። ደረቅ ቧንቧ መዝጋት ደግሞ የማን ሥራ ነው?

ሲስተር በሩ አጠገብ ቆማ ተራዋን ትጠብቃለች። የጣቢያው ነርስ እሷ ብቻ ናት። መሀረቧን እጅጌዋ ውስጥ አዘጋጅታለች፤ ከቧንቧው ቀጥሎ የሚመጣው የእሷ ዕንባ ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድጎማው ገንዘብ ከመሐል ወጥቶ ለክልሎች የሚከፋፈለው በቀመር ነው። ቀመሩ ፍትሐዊ ነው፤ ብዙ የጎደለው ብዙ ያገኛል። ችግሩ፣ ጎዶሎ መሆንም እንደ ማንኛውም ሙያ ልምምድ ይጠይቃል። ወንዙን ተሻግሮ ያለው ክልል ጣሪያ የሌለው ትምህርት ቤት አለው። ይኼኛው ደግሞ ውኃ የሌለው ጤና ጣቢያ አለው። ሁለቱ ክልሎች በዚህ የተነሣ ዓይንና ናጫ ናቸው፤ ማዶዎቹ “ውኃ ማጣት እኮ ጣሪያ እንደ ማጣት አይሆንም” ሲሉ፣ እነዚህኞቹ “ጥላ ይግዙ” ይላሉ።

ውኃው ግን አለ። ወደ ከተማው የሚሄደው ዋና መስመር በጤና ጣቢያው ጓሮ ያልፋል፤ ከእሱ የተቀጠለው ቱቦ ላይ ቫልቭ አለ፤ ቫልቩ ላይ ደግሞ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተጭኖበታል። ሲስተር በመጣች ሰሞን ጽዳቷ ናት ያሳየቻት። ሁሉም እትዬ ነው የሚሏት። ቫልቩ ሁለት ዙር ሲከፈት ውኃው ማዋለጃው ክፍል ይወርዳል፤ በሦስተኛው ዙር ጉልበት አግኝቶ እስከ ፊተኛው የእንግዳ መቀበያ ክፍል ይደርሳል። ሲስተር በደስታ ሮጣ ለበጀት ኃላፊው ብትነግረው፣ በሩን ዘግቶ አስቀመጣት። “ውኃው አለ” አላት፤ “ግን አልተመረቀም።” ያልተመረቀ ውኃ በመዝገብ እንደሌለ ነው የሚቆጠረው። ካከራከረችው በኋላ ተስማሙ፤ ወላድ ስትመጣ ብቻ፣ ሁለት ዙር ብቻ፣ ከዚያ ድንጋዩ ወደ ቦታው።

ዕንባውም ቢሆን ታሪክ አለው። በመጀመሪያው ዓመት ገምጋሚዎቹ የመጡት፣ ባሏ ልጃቸውን ይዞ ማዶ ወዳለው አዲስ የሥራ ቦታው በሄደ ማግሥት ነበር። ስለ ውኃው ሲጠይቋት አፏን ስትከፍት ዕንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እንግዶቹ ለውኃው ያለቀሰች መሰላቸው። በዚያ ዓመት የክልሉ ድርሻ አደገ። የበጀት ኃላፊው መጥቶ ትከሻዋን ያዘና፣ “እህቴ፣ ከእንግዲህ ይኼ ዕንባ ያንቺ ብቻ አይደለም፤ የሕዝብ ነው” አላት።

ከዚያ ወዲህ ዝውውር በጠየቀች ቁጥር መልሱ “ዘንድሮን ብቻ” ነው። ጥሩ ካለቀሰች እንዴት ትለቀቃለች? ካላለቀሰች ደግሞ የክልሉን ጥቅም ያጓደለች ናትና እንዲህ ያለችውን ሰው ወደ ሌላ ቦታ መላክ ኃላፊነት የጎደለው ሥራ ይሆናል።

ባሏ መምህር ነው። የት ቢመደብ ጥሩ ነው? ማዶ፣ ያ ጣሪያ የሌለው ትምህርት ቤት። ቆርቆሮው ከነሚስማሩ በዕቃ ቤት ተቆልፎበታል፤ እሱ ጠመኔ ሊያወጣ በገባ ቁጥር ቆርቆሮውን ተደግፎ ነው ሣጥኑን የሚከፍተው። እሱም ዝውውር ጠይቆ ነበር። “ፊትህ ፀሐይ የመታው ነው፤ እንዳንተ ያለ ከየት እናመጣለን?” ብለውታል። እሑድ እሑድ ባልና ሚስት ድልድዩ ላይ ይገናኛሉ። እሱ ልጅቷን ይዞ ይመጣል፤ እሷ የታጠበ ልብስ ይዛ ትመጣለች። “አንቺ ጋ ውኃ ሲመጣ፣ እኔ ጋ ጣሪያ ሲመታ፣ እኛም አንድ ቤት እንገባለን” ይላታል እየሳቀ። ባለፈው እሑድ ልጅቷ የድልድዩን ብረት ይዛ “እማዬ፣ ቤታችን እዚህ ነው?” ብላ ጠየቀች። በዚህኛውስ ማናቸውም አልሳቁም።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ተለወጠ። ዛሬ ጠዋት የበጀት ኃላፊው ከደረት ኪሱ እስክሪብቶውን አውጥቶ አሳያት። “እንግዶቹን ምሳ ጋብዘን ከሸኘን በኋላ፣ በዚህች እፈርምልሻለሁ” አለ። ስንት ዓመት ቃል ሲገባላት እስክሪብቶ አሳይቷት አያውቅም ነበርና፣ አመነችው።

ችግሩ፣ በዚያው ሰዓት አንዲት ምጥ የያዛት ልጅ በእናቷ ተደግፋ ከተፍ አለች። ኃላፊው ሲያያት ፊቱ ጠቆረ።

“ዛሬ ባይሆን አይሻልም ሲስተር?”

“ጋሼ፣ እኔ እኮ አልጠራኋትም።”

ልጅቷ ማዋለጃው ክፍል ገባች፤ እትዬ ከእሷ ጋር ቀረች፤ ሁለት ጀሪካን ውኃ ቀደም ብሎ ተቀድቷል። እንግዶቹ እስኪሄዱ ይበቃል ተባለ።

የቡድኑ መሪ ዘንድሮ አዲስ ነው፤ አብረውት የመጡት “ሚዛኑ” ይሉታል። ሸበቶ፣ ዝግ ያለ ሰው ነው። ከመኪና ሲወርድ የበጀት ኃላፊው ስሙንና ማዕረጉን ሳያጓድል ተናግሮ ጨበጠው፤ እሱም “ስላወቅኩዎት ደስ ብሎኛል” አለ። ክፍሉ ውስጥ ከገቡ በኋላ ንግግሩን የጀመረው፣ እዚህ ክልል እግሩ ሲረግጥ የመጀመሪያው መሆኑን በመናገር ነው። ዘመድ የለውም፤ ወዳጅ የለውም፤ ስለዚህ አያዳላም። ሁሉም አጨበጨበ።

ቧንቧው ደረቅ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ የበጀት ኃላፊው “አሁን ሲስተር ከሕይወቷ ታካፍለናለች” አለ።

ሲስተር ወደ ፊት ወጣች። ጀሪካን ተሸክሞ ከወንዝ መውጣትን፣ እጅ ሳይታጠቡ ማዋለድን፣ አምና የተናገረችውን ሁሉ ቃል በቃል ተናገረች። የምታለቅስበት ቦታ ላይ ስትደርስ ቆም አለች። ምንም አልመጣም። ልጇን አሰበች፣ ድልድዩን አሰበች፤ ዓይኗ እንደ ቧንቧው ነው። ኃላፊው እስክሪብቶውን ከኪሱ ብቅ አድርጎ መለሰው።

በዚህ መሐል እትዬ በሩን ገርበብ አድርጋ አንገቷን አስገባች። በሹክሹክታ ነው ብላ ያሰበችውን ክፍሉ ሁሉ ሰማው።

“ሲስተር፣ ጀሪካኑ አልቋል። ልጅቷ ደርሳለች።”

ሲስተር ይቅርታ ጠይቃ ወጣች። ኃላፊው ከኋላዋ “እንግዲህ እንዳያችሁት ነው፤ ጀሪካን” እያለ ነገሩን ሲያቃና ተሰማት። ጥሎበት ሁሉንም ነገር ወደ ነጥብ ይቀይራል።

ጓሮ ደረሰች፤ ድንጋዩን አነሣች፤ እንደ ልማዷ ሁለት ዙር ሰጠችው። በማዋለጃው መስኮት ውኃው ባልዲ ውስጥ ሲወርድ ሰማች። ቀና ስትል ግን ሌላ ድምፅ መጣ። ከፊተኛው ክፍል፣ በመስኮቱ በኩል፣ የሆነ ነገር አንኮራፋ። ያ ተከፍቶ የቀረው ቧንቧ ነው። ውኃ አላገኘም፤ አየሩን እየገፋ ያስል ነበር። ወዲያው የበጀት ኃላፊው ሳለ። ቧንቧው አንዴ ሲያስል ኃላፊው ሁለቴ ይስላል፤ እሱ ሲያበቃ ምክትሉ ይቀጥላል። ክፍሉ በአንዴ ጉንፋን የገባበት መሰለ።

“አየር ልቀበል” የሚል ድምፅ ተሰማ፤ የኋላው በር ተከፈተ።

የቡድኑ መሪ ነው። ሲስተር ድንጋዩን ለመመለስ ጊዜ አላገኘችም፤ ቀሚሷን ዘርግታ ቫልቩ ላይ ቁጢጥ አለች። በበሩና በእሷ መካከል ሣር የሸፈነው ያረጀ የፍሳሽ ጉድጓድ አለ፤ እዚህ ግቢ አዲስ የመጣ ሰው ሁሉ አንድ እግሩን ሳይከትበት አይቀርም፤ እትዬም በዚህ ስትስቅ ነው የምትኖረው። ሰውዬው ዓይኑን እንኳ ዝቅ ሳያደርግ ተራመደው።

መጥቶ ሱሪውን ጉልበቱ ላይ ሳብ አድርጎ አጠገቧ ተቀመጠ።

“ስንት ዙር ነው የሰጠሽው?”

ሲስተር ቀሚሷን ይበልጥ ቫልቩ ላይ ሰበሰበች።

“ሁለት ነው አይደል? አንድ ተኩል ይበቃል። እኔ ያስገጠምኩት ጊዜ ሁለት ላይ እንዲህ አያስልም ነበር። አርጅቷል ማለት ነው።”

“እርስዎ ነዎት ያስገጠሙት?”

“ድንጋዩንም የጫንኩበት እኔው ነኝ። ያኔ የዚህ ክልል የበጀት ኃላፊ ነበርኩ። ያንቺው አለቃ ምክትሌ ነበር።” ይህን ያለው ስለ አየሩ ጠባይ እንደሚያወራ ሰው ነው። “አትደንግጪ ልጄ። ክፍፍሉ ባለፈው ሳምንት አልቋል። እናንተ ያምናችሁን ታገኛላችሁ፤ ማዶዎቹም ያምናቸውን። እኩል ነው፤ ማንም አይጮህም።”

“ታዲያ ምን ልታደርጉ መጣችሁ?”

“ሳያዩ ማከፋፈል አድልዎ ይባላላ።”

ሲስተር መሀረቧን ከእጅጌዋ አውጥታ አየችው፤ ደረቅ ነው። ባሏን ልትቀላቀል ዝውውር እንደሚፈረምላት፣ ዛሬ ከምሳ በኋላ ቃል እንደተገባላት ነገረችው። ድምፅዋ እየቀነሰ ሄደ፤ ምክንያቱም ሰውዬው የአንድ ትንሽ ልጅ ወሬ እንደሚሰማ አያት በትዕግሥት ፈገግ ብሎ ነበር።

“ባልሽ ያ ፀሐይ የመታው መምህር ነው አይደል?” አላት። “እኔስ ደስ ባለኝ። ግን አስቢው እስኪ፣ አንቺን ወደዚያ ብናዛውርሽ ማዶ ሁለት ይሆንለታል፤ እዚህ ባዶ። እሱን ወደዚህ ብናመጣው ደግሞ በተቃራኒው ነው። ሚዛኑ ይዛባል።”

እጁን ሰዶ ቫልቩን ግማሽ ዙር መለሰው። በፊተኛው ክፍል የነበረው ሳል ቆመ፤ የቧንቧውም፣ የሰዎቹም።

“ነገ ማዶ ነን” አለ ሲነሣ፣ ጉልበቱን እያሻሸ። “ለባልሽ የምትልኪው ነገር ካለ አደርስልሻለሁ።”

ወዲያው እትዬ በመስኮቱ ጮኸች። “ሲስተር፣ ውኃው ቀጠነ!”

“አስቢበት” አላትና ሄደ። ጉድጓዱን እንደ መጀመሪያው ተራምዶ፣ በሩን በቀስታ ዘጋው።

ሲስተር ብቻዋን ቀረች። ቫልቩ ላይ የሰውዬው ጣቶች ሙቀት አልጠፋም ነበር። ግማሹን ዙር መለሰችው፤ ሁለት ሞላ። እጇ በልማድ እዚያ ላይ ቆመ። ከዚያ ሦስተኛውን አዞረችው፤ ብረቱ እንቢ ብሎ አንድ ጊዜ ጮኸ፤ በሁለት እጇ ያዘችውና እስከ መጨረሻው ወሰደችው። ለባሏ የምትልከው ይኸው ነው። ድንጋዩን ሳትመልስ ትታው ገባች።

ማዋለጃው ክፍል ውኃው ባልዲውን ሞልቶ ይፈስስ ነበር። የልጅቷ እናት “ተመስገን” አለች። ሲስተር እስከ ክርኗ ድረስ ታጠበች፤ በሳሙና፣ እየደጋገመች። ከዚህኛው ክፍል እንግዳ መቀበያውን የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ነው።

“ግፊ የኔ ልጅ” አለቻት። “ቀስ ብለሽ። ጎበዝ።”

ከግድግዳው ማዶ የበጀት ኃላፊው ሪፖርቱን እያነበበ ነበር። የውኃ እጥረቱ የክልሉን እናቶች ክፉኛ እንደጎዳ ያነባል። ከድምፁ ሥር ሌላ ድምፅ ተነሣ፤ መጀመሪያ እንደ ሳል፣ ቀጥሎ እንደ ዝናብ። ኃላፊው ድምፁን ከፍ አደረገ። ውኃውም ከፍ አለ። “በተለይም በዚህ ጣቢያ” ብሎ ጮኸና፣ እዚያ ላይ ቆመ።

ሲስተር ጆሮዋን ጣል አደረገች። አንድም ሰው ስለ ውኃው ቃል አልተነፈሰም። ቧንቧውን ሊዘጋው የተነሣም አልነበረም፤ የነካው ሰው መውረዱን አየሁ ማለቱ ነውና። ብዙ ቆይቶ አንድ ወንበር ስሚንቶው ላይ ሲጎተት ተሰማ፤ ቀጥሎ ሌላው፤ ከዚያ ሁሉም፣ ጫማቸው እንዳይርስ።