ቆሞ የሚቆርጥ፣ ተንበርክኮ የሚያነጥፍ

«እስቲ እግርህን ሰብሰብ አድርጋት! ለቅሶ ቤት ነው ወይስ የኳስ ሜዳ?» አሉ አጎትየው፣ በተዘረጋው እግር ተደናቅፈው የያዙት ቡና ሱሪያቸው ላይ ሊደፋ ሲል።

«ብትሰበሰብማ ማን ይዘረጋት ነበር፣ አጎቴ? እቺ ጉልበት አንዴ ከተዘረጋች በዱላ አትታጠፍ፣ አንዴ ከታጠፈች በልመና አትዘረጋ» አላቸው ውሃ ልክ።

በግድግዳው ዙሪያ የተቀመጡት ለቀስተኞች ሳቃቸውን በመሀረብ አፈኑት። ከሩቅ ላየ ሰው ሲያለቅሱ ነው የሚመስሉት።

ውሃ ልክ ብለው ስም ያወጡለት የግንባታ ሠራተኞች ናቸው። ሴራሚክ አንጣፊ ነው፤ አንጣፊ ሲባል ደግሞ እንደ ማንም አንጣፊ አይደለም። እሱ ባነጠፈው ወለል ላይ እንቁላል ቢያስቀምጡ የሚንከባለልበት አቅጣጫ ጠፍቶት ቆሞ ይቀራል ይባላል። ይህን የሚለው በአብዛኛው እሱ ራሱ ቢሆንም ውሸት ነው ብሎ የተነሣ ሰው እስካሁን የለም። የከተማው ሕዝብ ግማሹ የእጁን ሥራ እየረገጠ ይኖራል፤ ግማሹ ገና አልታደለም። አጠገቡ ለተቀመጠ ለቀስተኛ ሁሉ፣ ሐዘኑ እንዳለ ሆኖ፣ ይህን ሹክ ሳይል አልቀረም።

ሟቹ የታናሽ እህቱ ባል ነበር። አማቹም፣ የሥራ ጓደኛውም፣ የምሳ ተካፋዩም እሱ ነው። አፉ ስለሚያለሰልስ «ቅቤ» ይሉት ነበር። የተቆጣ ባለቤት፣ ሒሳብ ያዘገየ ተቋራጭ፣ ፊቱን ያጠቆረ መሐንዲስ፣ ቅቤ ፊት ሲቀርብ ሟሙቶ ይመለሳል። ቁርሱን በልቶ፣ ሻዩን እያማሰለ ልቡ ቀጥ አለችና ማንኪያው ከእጁ ወደቀ። በቃ። ስንት ነገር ሲናገር የኖረ ሰው ያለ ስንብት ሄደ።

ለቀስተኛው ሁሉ የሚያወራው የሁለቱን ፍቅር ነው። «አንድ ነፍስ ነበሩ እኮ» ትላለች አንዷ በሹክሹክታ። «ጉልበታቸው እንኳ አብሮ ነው የታመመው» ትላታለች ሌላዋ።

እውነትም አብሮ ነው የታመመው። ሁለቱም ጎልማሳነቱን አጋምሰውት ነበር። የውሃ ልክ ቀኝ ጉልበት ሲነሣ ቀጭ ማለት ጀመረች፤ ሥራ በበዛ ቀን ማታ ዳቦ አክላ ትነፋለች፤ ደረጃ ሲወርድ ትከዳዋለች፤ አንዳንዴም መሀል ላይ ይዛ አልታጠፍም አልዘረጋም ትላለች። በዚያው ሰሞን ቅቤም ግራ ጉልበቱን ይዞ ማቃሰት ጀመረ። አንድ ቀን አብረው ሐኪም ዘንድ ሄዱ፣ አብረው ራጅ ተነሡ፣ አብረው ውጤት ሰሙ።

«በሁለቱ አጥንቶች መሀል ያለችው ትራስ መሳይ ነገር ተተልትላለች» አለ ሐኪሙ። «የሁለታችሁም። በዕድሜና በሥራ ብዛት የሚመጣ ነው፤ እንደ ሽበት ቁጠሩት። ለቢላ አትቸኩሉ። የእግር ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ የምታሠራ ባለሙያ ጋ ልላካችሁ፤ እየተመላለሳችሁ ሥሩ።»

ውጭ እንደወጡ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «እኔ? በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሕፃን በጀርባዬ ተኝቼ እግሬን ላወናጭፍ?» አለ ውሃ ልክ። ቅቤ ከሱ ብሶ ሳቀ፤ እንባው እስኪፈስ ሳቀ፤ የሐኪሙን ወረቀት ቀዶ ጣለው። ሲረጋጋ ክንዱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ እንዲህ አለው፦

«ስማኝ ወንድሜ፣ የኔዋ ትብሳለች፣ ጨርሶ አላንበረክክ ብላኛለች። አንደኛችን ቆመን አንደኛችን ወለል ላይ ብንሆን ነው የሚያዋጣን። እኔ ቆሜ ልቁረጥ፣ አንተ አንጥፍ። ደግሞስ ባንተ እጅ ላይ ማን እጁን ይጨምራል? ወርቅ ሠሪ አጠገብ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ምን ያደርጋል?»

ውሃ ልክ ከዚያ በኋላ ምን ይበል? ሰው እንዲህ ከተባለ በጉልበቱ አይደለም፣ በግንባሩም ያነጥፋል።

የዕለቱ ለቀስተኛ ሊበተን ሲቃረብ አንዲት ቀልጠፍ ያለች ሴት ገባች። ሐዘንተኛዋ የውሃ ልክ እህት አቅፋ ብዙ አለቀሰችባት። ሴትዮዋ ዓይኗን እየጠረገች መጥታ ውሃ ልክ አጠገብ ተቀመጠችና የተዘረጋውን እግር ትክ ብላ አየችው።

«ውሃ ልክ የሚሏቸው እርስዎ ነዎት አይደል?»

«ሌላ ማን አለ?»

«ስለርስዎ ሳያወራ የዋለበት ቀን የለም። እኔ ጋ ነበር ጉልበቱን የሚሠራው።»

«ምኑን?»

«እንቅስቃሴውን ነዋ። ሐኪሙ ሁለታችሁን ልኳችሁ አልነበር? እሱ በሳምንቱ መጣ። መጀመሪያ ግድግዳ ተደግፎ ነበር፣ ኋላማ ደረጃውን እንደ ፍየል ነው የሚወጣው። አዲስ ታካሚ ሲፈራብኝ እሱን ነበር የማንበረክከው፤ ‹እዩት፣ እሱም እንደናንተ ነበር› እያልኩ።»

«ተንበርክኮ?» አለ ውሃ ልክ። ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው።

«ተንበርክኮማ! ያውም እየዘፈነ።»

«ተተልትሏል ተብሎ ነበር እኮ። የኔም፣ የሱም።»

«የሱ ስንጥቅ እንዳለ ነበር፤ የትም አይሄድም። በናንተ ዕድሜ ስንቱ ሰው ሳያውቀው ይዞት ይዞራል መሰልዎ! ዙሪያው ሲጠነክር ብዙው ሰው ይቀለዋል። ሁሉም እንደሱ ይሆናል አልልዎትም፤ እሱ ግን ዓመታት ሆኖታል ከዳነ።» ዝቅ ብላ ጨመረች፦ «እርስዎ ግን ለምን እምቢ አሉ? ‹አማቼን ብለምነው ብለምነው ግትር ነው፣ አልመጣም አለ› እያለ እንዴት ያዝን ነበር።»

ውሃ ልክ ቀና አለ። የሟቹ ፎቶ ከፊት ለፊቱ ጠረጴዛ ላይ ፈገግ ብሏል።

«ሥራ... በዝቶብኝ ነው» አላት።

እሷ ከሄደች በኋላ ዓመታቱ ሁሉ ተነሥተው ከፊቱ ተሰለፉ። ያ ትልቁ የሆቴል አዳራሽ መጣ። ከግድግዳ ግድግዳ ለመድረስ ፈረስ የሚያስፈልገው፣ እሱ በዳዴ ያዳረሰው አዳራሽ። ጉልበቱ በጉልበት መከላከያው ውስጥ አብጣ ጨርቁን ወጥራው፣ እንባውን ከላቡ ጋር አብሮ ሲጠርገው፣ ቅቤ ከመቁረጫ ማሽኑ አጠገብ ቆሞ ወገቡን ይዞ «ኧረ ጉልበቴ! ኧረ ምን ዓይነት መከራ ነው!» ይል ነበር። ማቃሰቱ ራሱ ጥበብ ነበረው፤ መጀመሪያ ቀጭን፣ ኋላ ወፍራም፣ መጨረሻ ላይ ዝም። ውሃ ልክም ሥራውን ጥሎ ይነሣል። እያነከሰ አዳራሹን አቋርጦ ወንበር ያመጣለት ነበር። እሱ! በዚያች እግሩ! ቅቤም «ተባረክ ወንድሜ» ብሎ ይቀመጣል።

ማንጠፉ አልነበረም ያንገበገበው። ማንጠፉንስ፣ በአንድ እግሩ እንኳ የሚቀናቀነው ሰው የለም። ያንገበገበው ያ ሳቅ ነው። አብረው የሳቁት ሳቅ። ያ ሰው እየሳቀ ልቡ ቀጠሮ ይይዝ ነበር።

አፈ ቅቤ፣ ልበ ጩቤ። ስንት ዘመን ሙሉ ግማሹን ስም ብቻ ሲጠሩት ኖረዋል።

የለቅሶው የመጨረሻ ቀን ከሰዓት፣ ቤቱ ጢም ብሎ ሲሞላ፣ አጎትየው ጆሮው ሥር ጎንበስ አሉ። «ቤተሰቡን ወክለህ ስለ ሟቹ የምትናገረው አንተ ነህ። አደራ አሳጥራት። አንተ አንዴ ከጀመርክ ሁለተኛ ሰው ይሞትብናል።»

«አያስቡ፣ አጭር ናት» አላቸው።

እውነትም አጭር ነበረች። እንደሷ አጭር ንግግር በዕድሜው አዘጋጅቶ አያውቅም። «ይህ ሰው ጤነኛ ነበር» ብሎ ሊቀመጥ ነው። አብረውት የሠሩት አናጢዎች፣ ቀለም ቀቢዎች፣ ግንበኞች በሙሉ ተቀምጠዋል፤ ያን ሁሉ ማቃሰት በጆሯቸው ሰምተዋል። ቀሪውን ራሳቸው ይጨርሱታል። ከነገ ጀምሮ የቅቤ ስም በየሕንፃው ሲነሣ በሌላ ድምፅ ይነሣል።

«እሺ፣ ጸጥታ! ውሃ ልክ ሊናገር ነው» አሉ አጎትየው።

ውሃ ልክ የወንበሩን እጀታ ይዞ ተነሣ፤ ማለትም ሊነሣ ጀመረ። ግማሽ መንገድ ላይ ጉልበቷ ቀጭ አለችና ያዘች። ወደ ላይም የለ፣ ወደ ታችም የለ። ጎንበስ ብሎ፣ አፉን ከፍቶ፣ ላቡ በግንባሩ ችፍ ብሎ ቀረ።

«ይህ ሰው...» አለ፣ ጥርሱን ነክሶ። «ይህ ሰው...»

«ወይኔ! ልቡ ተሰበረ!» አለች አንዷ።

«አይ ፍቅር! አይ ወንድምነት!» አለ ግንበኛው ደረቱን እየደቃ። ቤቱ በለቅሶ ተናጋ። ለሟቹ ከሞተበት ቀን ጀምሮ እንዲህ አልተለቀሰለትም። ሁለት አናጢዎች ብብቱ ሥር ገብተው መልሰው አስቀመጡት፤ አንደኛው ትከሻው ላይ ያለቅሳል። «ንግግር ምን ያደርጋል፣ እሱ በእንባው ተናገረው» አሉ አጎትየው፣ መሀረባቸውን እየፈለጉ።

በዚህ ግርግር መሀል እህቱ ከተቀመጠችበት ተነሥታ መጣች። ጥቁር ልብሷን ሰብስባ እፊቱ ቁጢጥ አለች፣ ጫማውን አወለቀች፣ አንድ እጇን ተረከዙ ሥር፣ ሌላውን ከጉልበቱ በላይ አደረገች።

«አትታገላት፣ ወንድም ጋሼ። እግርህን ልቀቃት። ቀስ...» ዝግ ብላ ወዘወዘችለት። ጉልበቱ ውስጥ የሆነ ነገር ተንሸራተተና ለቀቀችው።

ሕመሙ ሲበርድለት እጆቿን አያቸው። ቦታቸውን የሚያውቁ እጆች ናቸው። ብዙ ጊዜ የሠሩት ሥራ ነው።

«አንቺም ታውቂ ነበር» አላት፣ ከንፈሩ ሳይነቃነቅ።

ቀና አላለችም። «ይህች ሕንፃ ትለቅና እነግረዋለሁ ይለኝ ነበር። ቀጥሎ ያቺ ሕንፃ ትለቅ አለ። ኋላ አፈረ።»

«እሱስ አፈረ። አንቺስ? የእናቴ ልጅ?»

«እኔ...» በአንድ እጇ እንባዋን ጠረገች። «ባሌ ሳያነክስ ሲሄድ ማየት ደስ አለኝ። አንተ ደግሞ ጉራህን እየነዛህ ትገባለህ፣ ትወጣለህ። የታመመ ሰው አትመስለኝም ነበር። እንድትመስለኝም አልፈለግሁም።»

ሊነሣ ፈለገ። ካሁን ወዲያ እዚህ ቤት ላለመርገጥ፣ በእጁ ያነጠፈላቸውን ወለል ሳይቀር ነቅሎ ይዞ ለመሄድ ፈለገ። እሷ ግን መዳፏን ከተረከዙ ሥር አላነሣችም።

«ገፋኝ» አለችው በሹክሹክታ። «እሱ እንዲህ ነበር የሚጀምረው። እኔ እይዛለሁ፣ አንተ ግፋ።»

ለቀስተኛው አሁንም ለፍቅራቸው ያለቅሳል። ውሃ ልክ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ ገፋ። የዓመታት እልሁን በተረከዙ አድርጎ፣ እህቱ ወደኋላ እስክትንገዳገድ ገፋት። እሷም ሌላውን እጇን ደርባ፣ በእንባ በረጠቡ መዳፎቿ ያዘችው።