ሰማንያ ሰባት ቁጥር ጎራዴ

ቁልፍ ሠሪውና ፋርማሲስቱ የተዋወቁት በአንድ አሮጌ ጎራዴ ተጣልተው ነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ አሮጌ ዕቃ ገበያ ውስጥ፣ ከማይሠሩ ሬዲዮኖችና ክዳን ከሌላቸው ድስቶች መካከል ሁለቱም እኩል እጃቸውን ሰደዱ። አንዱ እጀታውን፣ ሌላው አፎቱን ያዘ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው ትንሽ ከተጓተቱ በኋላ፣ ቁልፍ ሠሪው ጎራዴውን መዘዝ አድርጎ የስለቱን ጀርባ በአውራ ጣቱ ጥፍር ዳበሰና ሳቀ።

«ይውሰዱት ጌታዬ። ለቲያትር የተሠራ ነው።»

«በምን አወቁ?»

«የተሠራበትን ዓመት ይዩት። የድሮ አንጥረኛ ቁጥሩን አንድ በአንድ ነው በመዶሻ የሚመታው፤ አንዱ ዘመም፣ አንዱ ጠለቅ ይላል። ይኼ ግን ሰልፍ ላይ የቆመ ተማሪ ይመስላል።»

ፋርማሲስቱ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ መልሶ አድርጎ አየ። ከዚያ ጎራዴውን ለነጋዴው መለሰና ቁልፍ ሠሪውን ሻይ ጋበዘው። በሦስተኛው ቅዳሜ «አንተ» ተባባሉ። በዓመቱ ቁልፍ ሠሪው ፋርማሲስቱን «ዶክተር» ይለው ነበር፤ ዶክተር አለመሆኑን ሰፈሩ ሁሉ እያወቀ። ፋርማሲስቱም እሱን «ቁልፌ» ይለዋል።

ሁለቱም ሀብታሞች አልነበሩም። የአውሮፓ ጦር ሠራዊቶች ጥለውት የሄዱትን ብረት የሚሰበስቡት ከቤት ወጪ በተረፈች ነገር ነው። ግን ዓይናቸው ገበያ ውስጥ የተፈራ ነበር። ቁልፍ ሠሪው ብረት ያውቃል። እጀታ ከስለቱ ጋር አብሮ የኖረ ይሁን ወይ በቅርብ የተጋባ፣ የጫፉን ምስማር አይቶ ይናገራል። ፋርማሲስቱ ደግሞ አሲድ ያውቃል። አዲስ ብረት አሲድ ተቀብቶ «ሁለት መቶ ዓመቱ ነው» ሲባል፣ ዝገቱን በነጭ መሐረብ ጠረግ ያደርግና ብርቱካንማውን ዱቄት ለነጋዴው ያሳየዋል። «እውነተኛ ዝገት ቡናማ ነው፣ ወደ ጥቁር ይሄዳል፤ እንዲህ ቶሎ አይለቅም» ይላል። አንድ ነጋዴ በስለቱ ላይ ያለውን ቦይ እያሳየ «የደም መውረጃ ነው» ብሎ ሲፎክር፣ ሁለቱ ተያይተው በሳቅ ፈረሱ። ቦዩ ጎራዴውን ለማቅለል የወጣ ነው፤ ሌላ ምንም ምስጢር የለውም።

በተዋወቁ በሁለተኛው ዓመት ቁልፍ ሠሪው አንድ ባዶ አፎት አገኘ። የፕሩሲያ ፈረሰኞች የሚይዙት ከባድ የብረት አፎት ነው፤ ጎራዴው የለም። አፉ አጠገብ የክፍለ ጦሩ ምልክት፣ ቀጥሎ ሦስት ቁጥር፣ ቀጥሎ ሰማንያ ሰባት ተመትቶበታል። ሰባቷ ወደ ግራ ዘንበል ብላለች።

«ሦስተኛው ጓድ፣ ጎራዴ ቁጥር ሰማንያ ሰባት» አለ ፋርማሲስቱ። «እነዚህ ሰዎች በሥርዓታቸው የተመሰገኑ ናቸው፤ አፎቱና ጎራዴው አንድ ቁጥር ነው የሚይዙት። ባል የሞተበት አፎት ነው የያዝከው።»

«እንግዲያው እድረዋለሁ» አለ ቁልፍ ሠሪው።

ቀልድ ነበር፤ ግን ቀልዱ ዕድሜ ልክ ሆነ። አፎቱን ሱቁ ውስጥ ከቁልፍ መሞረጃ ማሽኑ በላይ ሰቀለው። የፕሩሲያ ጎራዴ ተገኘ በተባለበት ሁሉ ሄደ። አርባ ሁለትን አገኘ፣ መቶ ስድስትን አገኘ፤ ሰማንያ ሰባት የለም። ፋርማሲስቱ አብሮት ይሄዳል፣ ደብዳቤ ይጽፍለታል፣ ከሌላ ከተማ ሰብሳቢዎች ጋር ያገናኘዋል። የቁልፍ ሠሪው ሚስት «ለኔ አንድ ቀለበት ስትመርጥ እንዲህ ብትደክም ኖሮ» እያለች ትስቃለች።

የዛሬ ስምንት ዓመት፣ አንድ ሐሙስ፣ ፋርማሲስቱ ሱቁ ድረስ መጣ። «ቁልፌ፣ ሰማሁ» አለ። «ድንበር አጠገብ ባለችው ከተማ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት የፕሩሲያ ጎራዴ አላት አሉ። ሦስተኛ ጓድ፣ ሰማንያ ምናምን። ቅዳሜ እሸጣለሁ ብላለች።»

ቁልፍ ሠሪው ልቡ ተከፈለ። እናቱ አብረውት ነበር የሚኖሩት፤ ያን ሰሞን ልባቸው ደክሟል፣ ሲተኙ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ደግሞም ቅዳሜ የፋርማሲውን የጓዳ ቁም ሣጥን ቁልፍ ሊጠግንለት ቀጥሮት ነበር።

«የኔ ቁልፍ የትም አይሄድም» አለ ፋርማሲስቱ። «እማማንም እኔ አያቸዋለሁ። መድኃኒታቸውን በእጄ እሰጣቸዋለሁ። ሂድ።»

ስምንት ሰዓት ሙሉ በባቡር ተጓዘ። በተጻፈለት አድራሻ ላይ የቆመው የመኪና ጎማ ቤት ነው፤ እንዲህ ያለችውን ሴት የሚያውቅ አንድ ሰው ጠፋ። አንድ ቀን ሙሉ ከበር በር ሲዞር ውሎ በማግስቱ ሲመለስ፣ እናቱ አርፈው አገኛቸው። ዓይናቸውን የከደነው ፋርማሲስቱ ነው። እጃቸውን ይዞ እስከ መጨረሻው ተቀምጦ ነበር። «ልጄ መጣ ወይ?» ብለው ሁለት ጊዜ እንደጠየቁ የነገረውም እሱ ነው።

«ለዚህ ዝገት ብዬ እናቴን ሳልሰናበት ቀረሁ» እያለ ሲያለቅስ፣ ፋርማሲስቱ ትከሻውን አቅፎ «እጣ ነው ቁልፌ፣ እጣ ነው» አለው። ቁልፍ ሠሪው ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ሲጠይቀው «ወንድሜ ነው» ማለት ጀመረ። «የእናት ልጅ የሆነልኝ እሱ ነው» ይላል።

በዚህ ዓመት ፋርማሲስቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ዳሌው ተሰበረና ሆስፒታል ተኛ። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ ቀኑን ሙሉ ቆሞ መዋል አይችልም ስላሉ፣ አስተማሪ የሆነችው ልጁ ፋርማሲውን ለማስረከብ ጓዳውን ማጽዳት ጀመረች። ወዲያው ለቁልፍ ሠሪው ደወለች።

«አጎቴ፣ ያ የብረት ቁም ሣጥን ቁልፉ ጠፋብኝ። አባዬን ስጠይቀው ‘ተዪው፣ ራሴ እመጣለሁ’ ይለኛል። አልጋ ላይ ተኝቶ ምን ብሎ ነው የሚመጣው? እባክዎ ይምጡልኝ።»

«መርዝ የሚያስቀምጥበት ነዋ፣ ለዚያ ነው» አለ ቁልፍ ሠሪው። ፋርማሲስቱ ሁልጊዜ እንዲያ ነበር የሚለው።

ዕቃውን ይዞ ሄደ። ጓዳው በካርቶን ተሞልቷል፤ ባዶ ጠርሙሶች፣ ሚዛን፣ የተጠቀለለ ቀን መቁጠሪያ። ቁም ሣጥኑ ፊት በርከክ ብሎ ቁልፉን ሲያይ ግር አለው። እሱ የገጠመው አይደለም። ከስንት ዓመት በፊት በገዛ እጁ ነበር የገጠመለት፤ ይኼ ግን ሌላ ነው፣ ብሎኖቹም የሌላ ሰው እጅ ያረፈባቸው፣ የተጫጫሩ።

«አባትሽ ሌላ ቁልፍ ሠሪ ወሽሟል» አላት እየሳቀ።

በሁለት ቀጭን ሽቦ ነካክቶ ከፈተው። መርዝ የለም። ከታች ጥቂት አሮጌ መዝገብ፤ ከኋላ፣ ጥግ ላይ፣ በፋሻ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ቆሟል። ገና ሲያነሳው ክብደቱን እጁ አወቀው። ፋሻውን ፈታ። ስለቱ ቫዝሊን ተቀብቶ ያበራል፤ አንዲት የዝገት ነጥብ የለችበትም። የእጀታውን መከላከያ ብረት ወደ መስኮቱ አዞረ። የክፍለ ጦሩ ምልክት፤ ሦስት፤ ስምንት፤ ወደ ግራ ዘንበል ያለች ሰባት።

እጀታው ላይ ትንሽ ካርድ በክር ታስራ ተንጠልጥላለች። ፋርማሲስቱ በሚገዛው ሁሉ ላይ ቀንና ቦታ ጽፎ ማሰር ልማዱ ነው። ጽሕፈቱ የታወቀ ነው፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የሚጽፈው ቁልጭ ያለ ጽሕፈት። ቀኑ የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት ነው። አፎቱ ከተገኘ ገና ዓመት ሳይሞላው።

«አጎቴ? ምነው? ወንበር ላምጣ?» አለች ልጅቷ።

«አምጪ» አለ። ተቀመጠ። በጣቱ ይቆጥር ጀመር። ጎራዴው አሥራ ስምንት ዓመት። የባቡሩ ጉዞ ስምንት ዓመት። እንደገና ቆጠረ፤ ያው ነው። በባቡር ሲሄድ ጎራዴው እዚህ ነበር። ያቺ ባል የሞተባት ሴት አልነበረችም ማለት ነው፤ ኖራም አታውቅም።

ካርዷን በጥሶ ኪሱ ከተተና ሆስፒታል ሄደ።

ፋርማሲስቱ ትራስ ተደግፎ ጋዜጣ ያነብ ነበር። «ቁልፌ! በቅዳሜው ምን ታየ?» አለ። ቁልፍ ሠሪው ሳይመልስ ካርዷን ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጠለት። ፋርማሲስቱ አያት። መነጽሩን አወለቀ፤ ግን አልጠረገውም።

«ከፈትከው» አለ።

«ልጅህ ክፈትልኝ አለችኝ።»

ከጎን አልጋ ያለው በሽተኛ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«ብታምነኝም ባታምነኝም፣ ላንተ ብዬ ነበር የገዛሁት» አለ ፋርማሲስቱ። «አጽድቼ በድንገት ልሰጥህ። ሁለት ሳምንት ቤቴ አቆየሁት። እያየሁት፣ እያገላበጥኩት... አፎቱንም ለራሴ ተመኘሁት። ሲሰለቸው ለኔ ይተውልኛል አልኩ። አልሰለችህ አለ። ዓመት አለፈ። ከዓመት በኋላ ምን ብዬ ላውጣው? ሁለት ዓመት ሆነ፣ አምስት ሆነ። ሆድ ይፍጀው አልኩ።»

«ባቡሩስ?»

ፋርማሲስቱ ካርዷን በጣቱ ገለበጣት።

«ባቡሩስ፣ ዶክተር?»

«ቅዳሜ ቁም ሣጥኑን ልጠግን እመጣለሁ አልክ። ቁልፉ ተበላሽቶ አልከፈት ብሎኝ ነበር፤ ጎራዴውን ማውጣት አልቻልኩም። ተወው ስልህ እሺ አላልክም። ስለዚህ ራቅ እንድትልልኝ... አንድ ቀን ብቻ። ሌላ ሰው ጠርቼ አስቀየርኩት።»

«ለቁልፍ ነው?» አለ ቁልፍ ሠሪው። ድምፁ ከራሱ አፍ የወጣ አልመሰለውም። «እኔን ያህል ቁልፍ ሠሪ ለቁልፍ ብለህ ላክኸኝ?»

«እማማ ይሞታሉ ብዬ በምን ላውቅ? እንደ እናቴ ነበር የማያቸው። እጃቸውን ይዤ...»

«በሱ አልወቅስህም። ሞትን አንተ አላመጣኸውም። ግን እናቴ ‘ልጄ መጣ ወይ’ ስትልህ፣ የት እንዳለሁና ለምን እንደሄድኩ የምታውቀው አንተ ብቻ ነበርክ። እሺ፣ ያን ቀን ፈራህ። ከዚያ በኋላስ? ፊትህ ተንበርክኬ ራሴን ስረግም ‘እጣ ነው’ አልከኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ ‘እናቴ የሞተችው ስስቴ ሌላ ቦታ አውሎኝ ነው’ እያልኩ ስኖር፣ አንዲት ቃል ከበደችህ?»

ፋርማሲስቱ አለቀሰ። ቁልፍ ሠሪው ከዚያ በፊት ሲያለቅስ አይቶት አያውቅም፤ በእናቱ ቀብር ቀን እንኳ።

«ብነግርህ አጣሃለሁ ብዬ ነው» አለ። «ከልጄ ሌላ ያለኸኝ አንተ ነህ። ጎራዴውን ውሰደው። ያንተ ነው።»

«የኔ አይደለም። አንተ ነህ የገዛኸው፤ ቀኑም ተጽፏል።»

ካርዷን እዚያው ትቷት ወጣ።

ቤት ሲደርስ ለሚስቱ ሁሉንም ነገራት። እየሰማች ሽንኩርት መላጧን አቆመች። «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!» ብላ ጮኸች። «በየዓመቱ እማማ መቃብር ላይ አበባ ይዞ ይመጣ አልነበር? ያቺን የሌለች ሴት ፈጥሮ አልነበር የላከህ? ተሳደብ እንጂ አንተ ሰውዬ! ምን ሆነህ ነው ዝም የምትለው?»

«ስድብ ፈልጌ አጣሁ» አላት። እውነቱን ነው። የከፋው ደግሞ፣ እንዲህ ያለ ጉድ በደረሰበት ቁጥር ሮጦ የሚነግረው ለፋርማሲስቱ ነበር፤ አሁንም እግሩ ወደዚያው ሊወስደው ይቃጣው ነበር።

ልጅቷ ከሳምንት በኋላ መጣች። አባቷ ነግሯታል፤ ፊቷ አብጧል። ይቅርታ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት ቁልፍ ሠሪው አስቆማት። «አንቺ ምን አደረግሽ ልጄ? ቁጭ በይ» አላት። ለአባቷ ማስታመሚያ ስብስቡን ልትሸጥ እንዳሰበች፣ ግን እውነተኛውን ከሐሰተኛው መለየት እንደማትችል ነገረችው። ሦስት ቀን ሄዶ እያንዳንዱን ጎራዴ አየላት፤ የትኛው አገር፣ የትኛው ዘመን፣ የትኛው እጀታ እንደተቀየረ ሳይደብቅ ጻፈላት። ሰማንያ ሰባት ላይ ሲደርስ «እውነተኛ ነው፤ አያያዙም የሚመሰገን ነው» ብሎ ጻፈ። በማግስቱ አፎቱን ከሱቁ ግድግዳ አውርዶ ሰጣት። «አብረው ይሂዱ። ለብቻው ምን ያደርግልኛል?» አላት።

«አባዬ መቼ ይመጣል ይላል» አለች በሩ ላይ ቆማ።

«ደህና ነው በይው።»

አልሄደም። ልሂድ ያለበት ቀን ነበር፤ ጫማውን ሁሉ አድርጎ ተነስቶ ነበር። ግን የእናቱ «ልጄ መጣ ወይ?» የምትለዋ ቃል በሌላ መልክ ትመጣበታለች፤ አሁን የሚሰማት፣ መልሱን እያወቀ እናቱ አጠገብ በተቀመጠው በፋርማሲስቱ ጆሮ ነው። ጫማውን አውልቆ ተቀመጠ።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ሱቁ ውስጥ አንዲት ሴት የቤቷን ቁልፍ ልታስቀርጽ ቆማ ሳለ፣ ፋርማሲስቱ በምርኩዝ እየተደገፈ በሩ ላይ ደረሰ። ከስቷል፤ ኮቱ ሰፍቶታል። ቁልፍ ሠሪው ቀና ብሎ አየውና ማሽኑን አስነሳ። ማሽኑ ሲሠራ ሰው አይደማመጥም። ፋርማሲስቱ እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቀ። ቁልፉ አለቀ። ቁልፍ ሠሪው ማሽኑን ሳያጠፋ ሌላ ቁልፍ አንስቶ ይቀርጽ ጀመር፤ ከዚያ ሌላ። ሁለቱንም አበላሻቸው።

ሴትየዋ ወደ በሩ ዞር ብላ አየች።

«እኔ አንድ ብቻ ነው ያዘዝኩት» አለች ጮክ ብላ። «ደግሞ ሽማግሌው ሄዱ እኮ።»

«አውቃለሁ» አለ ቁልፍ ሠሪው፤ ማሽኑን አጠፋና ቁልፏን በጨርቅ ጠርጎ ሰጣት።