የአሥራ አንድ ቁጥር ማልያ

የሰው ልጅ በዚህ ዓለም ከሚሸከማቸው ሸክሞች ሁሉ፣ ክቡር አንባቢ ሆይ፣ መመረጥን ከመጠበቅ የሚከብድ ያለ አይመስለኝም፤ ገበሬ ድካሙን በእርሻው ስፋት ይለካዋል፣ መንገደኛም በዳገቱ ርዝመት ይለካዋል፣ የመራጭን ዓይን የሚጠብቅ ግን በምን እንደ ደከመ ሳያውቅ ይደክማል፤ ተቀምጦም ይደክማል፣ ተኝቶም ይደክማል። ይህች አጭር ታሪክ የምትናገረውም እንዲህ ስላለው ድካም ነው።

ከዓባይ ማዶ ባለች አንዲት ነፋሻ የደጋ ከተማ፣ በዩኒቨርሲቲው የእግር ኳስ ቡድን ውስጥ፣ ይኸነው የተባለ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነበረ፤ በጠባዩ ትሑትና ቁጥብ፣ በግራ እግሩ ግን ጥበበኛና ርቱዕ፣ የላካት ኳስ ሁሉ የታዘዘች ያህል ከተላከችለት ሰው እግር ሥር የምታርፍለት። ከዋናው ከተማ የሚመጡ የክለብ መልማዮች በመጀመሪያው ዓመት የቡድኑን አምበል፣ በሁለተኛው ዓመት የልብ ወዳጁን መርጠው ወሰዱ፤ በሦስተኛው ዓመት ዝናም ሜዳውን ቢያጥለቀልቀው ከመኪናቸው ሳይወርዱ ተመለሱ። ይኸነው ከዓመት ወደ ዓመት ተስፋውን ሳይጥል ቢቆይም፣ ቀድሞ የተጎዳው ቀኝ ጉልበቱ ከአንድ ሰዓት በላይ አላስሮጥ አለው፤ በሰኔም ተመርቆ ከቡድኑ ይሰናበት ነበርና ያች የግንቦት ቅዳሜ፣ መልማይ ይመጣል የተባለባት ቀን፣ የመጨረሻይቱ ዕድሉ ነበረች።

የዚህ ቡድን ድህነት ደግሞ አንድ እንግዳ ሥርዓት ወልዶ ነበር። ማልያዎቹ አንዳንዱ ተቀዶ አንዳንዱ ጠፍቶ በሜዳ ላሉት ያህል ብቻ ስለ ቀሩ፣ ተቀያሪዎች በየሹራባቸው ተቀምጠው ይጠብቁና፣ የሚገባው ከሚወጣው ገላ ላይ ማልያውን ከነላቡ ተቀብሎ ይለብሰው ነበር፤ ጨዋታው ሲያልቅ ማልያው በገላው ላይ የተገኘው ሰው እንዲያጥበው ሕግ ነበረ። ይኸነው ጉልበቱ ከከዳው ወዲህ ጨዋታ ጨርሶ ስለማያውቅ አሥራ አንድ ቁጥሩን አጥቦ አያውቅም፤ አጣቢው ሁልጊዜ ተቀያሪው መንበሩ ነበረ። ይህ መንበሩ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው፤ በቁመትና በቅጥነት የይኸነው መንታ የሚመስል፣ ኳስ አያያዙ ገና ያልጠራ፣ ሩጫው ግን የማይነጥፍ።

በተባለችው ቅዳሜ አቶ ክንፈ የተባሉ መልማይ፣ ሦስት ከተሞችን አዳርሰው፣ በአውቶቡስ ወንበር ወገባቸው እንክትክት ብሎ፣ በሠርክ ሰዓት ደረሱና ከሜዳው ማዶ ካለ የባሕር ዛፍ ሥር ብቻቸውን ተቀመጡ። ያዘቀዘቀችው ፀሐይ በዓይናቸው ትገባ ስለ ነበር የሰውን ፊት ሳይሆን የማልያውን ቁጥር ብቻ ይለዩ ነበር። ከጎረቤት ከተማ ከመጣው ኮሌጅ ጋር በተደረገው በዚያ የወዳጅነት ጨዋታ ይኸነው ሁለት ጊዜ በግራ እግሩ አቀበለ፤ ሁለቱም ጎል ሆኑ። አቶ ክንፈ በደስታ ቀና ብለው አዩ፤ ከዚያም የሦስት ከተማ ድካም አሸነፋቸውና ለጥቂት ጊዜ እንቅልፍ ሸለብ አደረጋቸው። በዚያችው ቅጽበት የይኸነው ጉልበት እምቢ ስላለ እጁን አንሥቶ ወጣና ማልያውን አወለቀ።

«ጨምቀህ ስጠኝ እንጂ» አለ መንበሩ እየተቀበለው፤ «ይሄ እኮ ከወንዝ የወጣ ጨርቅ ነው።»

«ዝም ብለህ ልበስ። ላቤን በነፃ ነው ያገኘኸው።»

«ሳሙናውንስ ማን ይገዛልኛል?»

አቶ ክንፈ ሲነቁ አሥራ አንድ ቁጥር ጨዋታው ገና የተጀመረ ይመስል ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ሲያካልለው አዩ። ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ እንደ ነፋ ተነሥተው ወደ ሜዳው ጠርዝ መጡና፣ ፀሐይ አሁንም ዓይናቸውን እየወጋቻቸው፣ መንበሩን በእጃቸው ጠቅሰው ጠሩት። «ልጄ» አሉት፣ «በግራ እግሩ እንዲህ የሚያቀብል አይቻለሁ፤ እስከ መጨረሻው እንዲህ የሚሮጥም አይቻለሁ። ሁለቱን በአንድ ሰው ላይ ያየሁት ግን ዛሬ ነው። ዕቃህን ይዘህ ና፣ እንነጋገር።»

መንበሩም ወደ ተቀያሪዎቹ አግዳሚ ሮጦ ማልያውን አወለቀና በይኸነው ጭን ላይ ጣለው። «ልበሰው» አለ እያለከለከ። «ሰውየው አንድ ሰው መስለነዋል። አስቀድሞ ያነሣው ያንተን ግራ እግር ነው። እኔ ገና ሁለት ዓመት አለኝ፤ አንተ ምን አለህ? ልበስና ሂድ።»

ይኸነው ለበሰው። ማልያው ቀዝቅዞ ነበር፤ በገላው ላይ ተጣበቀ። ያን አጭር መንገድ እያነከሰ ሲሄድ በልቡናው የተመላለሰው ሐሳብ ግን ከመንገዱ ይልቅ ረዥም ነበር፤ ዛሬ ዝም ብሎ ቢመረጥ፣ ያ የማይደክም ሰው ነገ በዋናው ከተማ ሜዳ ላይ በተፈለገ ጊዜ ከወዴት ይመጣል? አራት ዓመት ሙሉ ጠብቆ ደክሞታል፤ ከእንግዲህ ደግሞ ያልደከመ መስሎ መታየት ከመጠበቁ የባሰ ድካም ሆኖ ታየው።

«ጋሼ፣ ያዩት ሰው የለም» አላቸው። «ያቀበልኩት እኔ ነኝ፤ የሮጠው ያ ልጅ ነው። በመካከል ማልያ ተቀያይረናል።»

አቶ ክንፈ ከት ብለው ሳይሆን በአፍንጫቸው ሳቁ። «ተኝቼ ነበር ማለት ነው። ጉልበትህ ነው?»

«አዎ፣ ቆይቷል።»

«ምን አደረግህለት?»

«ቀዝቃዛ ውሃ አፈስበታለሁ።»

አቶ ክንፈ ወደ ጉልበቱ አይተው ዓይናቸውን መለሱ። «ስለ ነገርከኝ እግዜር ይስጥህ። ያን ልጅ ማቀበል ላስተምረው እችላለሁ። ላንተ ግን ሌላ ጉልበት ከየት አመጣለሁ? ጥራልኝ።»

ይኸነውም ጠራው።

ፀሐይ ከገባች በኋላ፣ ይኸነው ከማደሪያው ጀርባ ካለው ቧንቧ ሥር ቁጢጥ ብሎ ማልያውን ሲያሽ፣ መንበሩ መጥቶ አጠገቡ ቆመ፤ ደስታውን የት እንደሚያደርገው አላወቀም። «ስጠኝ፣ እኔ ልጠበው» አለ፤ «ሁልጊዜም የእኔ ነው።»

«ሕግ ሕግ ነው» አለ ይኸነው ቀና ሳይል። «ዛሬ በመጨረሻ የተገኘው በእኔ ገላ ላይ ነው። ይልቅ ሳሙና አቀብለኝ።»

መንበሩም ሳሙናውን አቀበለው። በዚያች በተጠበች ጨርቅ ውስጥ የሁለት ሰው ላብ ነበረ፣ ውሃውም የማን የማን እንደ ሆነ ሳይለይ አንድ አድርጎ ወሰደው፤ ድካም በሁለት ትከሻ ላይ ይከፈላልና፣ የመራጭ እጅ ግን አንዱን ትከሻ ብቻ ነክቶ ያልፋል።