ከወይዘሮ የዝና ሱቅ የገዛናት የጥይት መሙያ

አንዳንድ ነገር ሳላዛባ አልቀርም። የመሙያ መኪናዋ አረንጓዴ ነበረች ወይስ ሰማያዊ፣ የገዛናት ከፋሲካ በፊት ነበር ወይስ በኋላ፣ እርግጠኛ አይደለሁም። ዋናውን ነገር ግን አልረሳሁም። ዳንግላ ውስጥ ወይዘሮ የዝና በሚሸጡት የጥይት መሙያ መኪና ባዶ ቀለሃ ሲሞላ፣ ያ ቀለሃ ድሮ የተተኮሰበት ተኩስ እንዳልተተኮሰ፣ የተተኮሰለትም ነገር እንዳልሆነ ይሆን ነበር።

እኛ ተኳሾች የምንባል ሰዎች አይደለንም። ቅዳሜ ጠዋት ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የገረጋንቲ ማውጫ ተሰብስበን ቆርቆሮ የምንመታ፣ አብዛኛውን ጊዜም የምንስት ሽማግሌዎች ነን። ያን ሰሞን ጥይት ከገበያ ጠፋ። ባዶው ቀለሃ ግን በየቤታችን በጣሳ ሞልቶ ነበር። ወይዘሮ የዝና መሙያ አስመጡ ሲባል ጓደኞቼ አለኸኝና ጤናው፣ እኔም ቁርስ ሳንቀምስ ገሰገስን። ልቤ የአዲስ ልብስ ቀን እንደ ደረሰለት ልጅ ይመታ ነበር።

ወይዘሮ የዝና ለማሳየት ከኪሴ አንድ ቀለሃ ተቀበሉኝ። ባሩዱን ሰፈሩ፣ አረሩን አፉ ላይ አስቀመጡ፣ እጀታውን ሳቡ። አለኸኝ በእጁ በያዘው ቆርቆሮ ላይ ያ ጥይት ቅዳሜ የበሳው ቀዳዳ ተደፈነ። ቆርቆሮውን ገልብጠን አየነው፤ ድፍን ነው።

«ይኸው ነው» አሉ። «ከሱቅ የወጣ ዕቃ አልመልስም።»

አለኸኝ ቤቱ ሮጦ በሠርጉ ቀን የተተኮሱትን ቀለሃዎች አመጣና ሁሉንም አስሞላ። በምሳ ሰዓት ሚስቱን ቤት አጣት። ወንድሟ ዘንድ ሄዳ እንደ ኮረዳ ፀጉሯን ተሠርታ ተቀምጣለች። «ሰውዬውን አላውቀውም፤ መልኩ ግን አይከፋም» ማለቷን ሲሰማ አለኸኝ በደስታ ሽማግሌ ፍለጋ ወጣ። ካባ ያለኝ እንደሆነ እኔንም ጠየቀኝ።

ጤናው ከእኛ ጋር ሲስቅ ቆይቶ እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደ። ታናሽ ወንድሙ አንማው መተማ ለሥራ ሄዶ በወባ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። እናታቸው እማማ የውብዳር ከአልጋ አይነሱም፤ መርዶው ይገድላቸዋል ተብሎ አልተነገራቸውም። በቀብሩ ቀን ጤናው አንድ ጥይት ተኩሷል። እማማ ተኩሱን ሰምተው ምንድነው ሲሉ ሠርግ ነው ተባሉ። ከዚያ ወዲህ በነጋ በጠባ አንማው መቼ ይመጣል ይላሉ። ሰሞኑን ደግሞ እህል አፋቸው አልገባም። ጤናው የዚያን ጥይት ቀለሃ እንደ ክታብ ከደረት ኪሱ አይለየውም ነበር። አሁን አውጥቶ አሳየን፤ እናቱ ሳያርፉ አንማውን ሊያሳያቸው ነው፤ ይህን ግን ቤቱ እንጂ ሱቅ አላስሞላም አለ።

የቀረው የትኛውን እንግዛ ነው። ሦስት መኪና ተደርድሯል። ትልቋ እጀታዋ አንድ ጊዜ ሲሳብ የተሞላ ጥይት ትተፋለች። መካከለኛዋ ጭንቅላቷ እየዞረ ሥራውን ይቀያይራል። ትንሿ አንድ ቀለሃ ብቻ ትጎርሳለች፤ ለእያንዳንዱ ሥራ እጀታዋ ለብቻው ይሳባል። ጤናው ስለቸኮለ ትልቋን አለ። እኔ ፈራሁ። አምስት ሥራ በአንድ ጊዜ ሲሠራ ባሩዱ ተደርቦ እንደሆነ በምን ይታያል ብዬ ተከራከርኩ።

«ለጀማሪ ትንሿ ናት» አሉ ወይዘሮ የዝና። «አንድ አጉርሷት። ያን አይታችሁ ሌላ።»

«አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ እትዬ የዝና» አለ ጤናው።

«ድርብ ባሩድ ደግሞ ያቃብራል።»

ትንሿን ገዛን። ጤናው ቤት ጠረጴዛ ላይ በብሎን አሰርናት። ባሩዱን ሰፍሬ ደፋሁት፣ እንደገና ሰፈርኩት። ጤናው ከኋላዬ እየተንቆራጠጠ ክርስትና ልታነሳው ነው ወይ ይለኛል። አረሩን አፉ ላይ አስቀመጥኩ። የመጨረሻውን እጀታ እንደሳብኩ በሩ ተንኳኳ።

አንማው ነው። ሻንጣውን ይዟል፣ ጫማው አቧራ ለብሷል።

«መናኸሪያውን አዛወሩት እንዴ?» አለ።

ጤናው አገላብጦ ሳመውና ከስተሃል አለው። መንገድ ነው ብሎ መለሰለት። ሌላ አልጠየቅነውም፤ እየተጋፋን እናቱ ወደተኙበት ጓዳ አስገባነው።

እማማ የውብዳር ሲያዩት በራሳቸው ጉልበት ተነስተው ተቀመጡ። ፊቱን በመዳፋቸው ዳበሱ፣ እልል አሉ፣ የሚበላ ጠየቁ። ጤናው ግድግዳውን ተደግፎ እየሳቀ ያለቅስ ነበር። ቀጥለው ወደ እኛ ዞሩ።

«ልጄ ከሩቅ አገር መጥቶ ጥይት አይተኮስም?»

ጤናው የተሞላውን ጥይት በጣቶቹ መካከል ያዘ። የአለኸኝና የሱቁ ጥይቶች እዚያው ቀርተዋል፤ እዚህ ያለን የተሞላ ጥይት ያ አንዱ ብቻ ነው፤ እሱ ተመልሶ ከተተኮሰ ደግሞ የአንማው ሞት ይመለሳል። ትልቋን ገዝተን ቢሆን ኖሮ ይኼኔ ጠረጴዛው ሙሉ ጥይት በነበረ። አንድ ሌላ ልሙላ ብዬ ተነሳሁ። እማማ በእጃቸው ተቀመጥ አሉኝና በጤናው ጣቶች መካከል ያለውን አዩ።

«እሱስ?»

«ይሄ አይሆንም፣ እማዬ። ይሄ የሠርግ ነው።»

«ሠርግ ላይ በአንድ ጥይት ያቆመ ማን አለ?» አሉ ረጋ ብለው። «ያን ቀን ሁለተኛውን ስጠብቅ ዋልኩ። ሳይመጣ መሸ። ያኔ ነው ልጄ የሞተብኝ።»

ጤናው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እንዳትደነግጡብኝ ነዋ።»

አንማው የሰው ወሬ እንደሚሰማ እንግዳ ወደ መሬት ይመለከት ነበር። እማማ የቀኝ እጁን ያዙ። ብቻውን የሄደው እንደሚበቃ፣ አሁን ግን አብረው እንደሚወጡ ነገሩት። ከዚያ ትልቁን ልጃቸውን አዩ።

«ሂድ ተኩስ፣ የኔ ልጅ። አደራ፣ ወደ ላይ።»

ጤናው ወደ እኔ ዞረ። ዕድሜዬን ሙሉ ተው ስል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያን ጊዜ ግን ከበሩ ዞር አልኩለት። ምንሽር ጠመንጃውን ከግድግዳ አወረደ፣ ደጅ ወጣ፣ ጥይቱን አጎረሰና ወደ ሰማይ ተኮሰ። ጠመንጃው ትከሻውን መታው። ጭስ ወጣ። ድምፅ ግን አልነበረም። ዛፉ ላይ ያሉት ወፎችም አልተነሱም።

ጓዳ ስንገባ አልጋው ተነጥፏል፣ ጋቢው ታጥፏል፣ የጓሮው በር ተከፍቷል።

የመጨረሻውን ወሬ የሰማሁት በመስቀል ማግስት ነው። ከግልገል ዓባይ ማዶ ለገበያ የመጣ ሰው፣ ደርባባ አሮጊት ያዘለ ጎልማሳ ወንዙን ሲሻገር አይቻለሁ አለ። ውሃው የጎልማሳውን ቁርጭምጭሚት አላለፈም ነበር፤ በሙላት ወቅት። አሮጊቷ ከጀርባው ላይ ሆነው «ተሰማ እንዴ?» ብለው ገበያተኛውን ጠየቁት። ምኑ እንደሆነ ሳያውቅ ገና ነው አላቸው። ይህን ሲያወራ ጤናው ደጁ ላይ ምንሽሩን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ከአፈሙዙ ያ ቀጭን ጭስ አሁንም ይወጣል። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም አሰኘንና የተኩሱን ድምፅ እንደሚጠብቅ ሰው ጆሮውን ወደ ሰማይ አዞረ።