የወታደሮቹ ጭቃ

«ረውዳ የተባረረችው በአንድ ወታደር ነው» ትላለች እቴ ሰዕዲያ። ሽንኩርት ስትከትፍ ትለዋለች፣ ልብስ ስታጣጥፍ ትለዋለች፣ ሊፍት ቆመን ስንጠብቅም ትለዋለች። ከእኔ በፊት በዚህ ቤት ትሠራ የነበረችው ረውዳ ከባባ ወታደሮች አንዱን አቧራ እንደለበሰ ትታው፣ ባባ አይቶ ምንም ሳይናገር፣ በሳምንቱ ወደ ሀገሯ ሸኛት። ወሬው ይኸው ነው። ማን ነገረሽ ስላት የዘበኛው ሚስት ትለኛለች። ለእሷስ ማን ነገራት ስላት፣ አንቺ ልጅ ሁሉን ነገር በምስክር ነው የምትፈልጊው ብላ ትቆጣለች። አዎ፣ በምስክር ነው የምፈልገው። ወሬማ እኔም መፍጠር እችላለሁ።

ወታደሮቹ ሰዎች አይደሉም። ቁመታቸው ከትንሿ ጣቴ አይበልጥም። አሠሪያችን ባባ ኡሳማ ዮርዳኖሳዊ የሕንፃ መሐንዲስ ነው፤ ዶሃ አል ነስር ሰፈር ባለው አፓርታማው ሳሎን ውስጥ ግድግዳውን ሙሉ የያዘ የመስታወት ቁምሳጥን አለው። እዚያ ውስጥ አንድ የጥንት አውሮጳ ጦር ተሰልፎ ይኖራል፤ እግረኛው፣ ፈረሰኛው፣ ከበሮ መቺው፣ መድፍ ጎታቹ በቅሎ ሳይቀር። ከተማሪነቱ ጀምሮ አንድ በአንድ በብሩሽ የቀባቸው ናቸው። አርብ ሲሆን ጓደኞቹ ይመጡና ትልቁን ጠረጴዛ አረንጓዴ ጨርቅ አልብሰው፣ ሜትር ዘርግተው እየለኩ፣ ዳይስ እየወረወሩ እስኪመሽ ሲዋጉ ይውላሉ።

መጀመሪያ ሳያቸው ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ሽበታም ሁሉ አሻንጉሊት ከቦ ሲከራከር። ኋላ ግን አንዱን ጠጋ ብዬ ሳየው ዐይኑ ውስጥ ብሌን አለ። የሩዝ ፍሬ በማታክል ፊት ላይ ብሌን! በምን እጅ? በምን ብሩሽ? ጥያቄው አለቀቀኝም። ማንም አላስተማረኝም፤ ዐረብኛውንም እንግሊዝኛውንም ከስልኬ እንደለቀምኩት ይህንንም ከስልኬ ለቀምኩት። ቀለሙ እንደ ወተት መቅጠን አለበት። መጀመሪያ ጥላው ይቀባል፣ ብርሃኑ በመጨረሻ ይመጣል። ብሌኑን ለመቀባት ትንፋሽን መያዝ ነው። ባባ ተሰብሮበት የጣለውን አንድ ፈረሰኛ ከቆሻሻ ቅርጫት አውጥቼ፣ እየቀባሁ እያጠብኩ፣ እየቀባሁ እያጠብኩ ተለማመድኩበት። አንድ ቀን ፈረሱ አየኝ። ከዚያ ወዲህ ማንም እንደማይበልጠኝ አውቄያለሁ።

ቁምሳጥኑን ማጽዳት የእኔ ድርሻ ነው። ለስላሳ ብሩሽ ይዤ አቧራቸውን ሳራግፍ እያንዳንዳቸውን እመረምራለሁ። ከሁሉም የሚገርሙኝ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ያሉት ባለ ሰማያዊ ኮቶች ነበሩ። ጭቃ በጭቃ ናቸው። ግን እኩል አይደሉም፤ ፊት ያሉት ጫማቸው ብቻ ነው የቆሸሸው፣ መጨረሻ ያሉት እስከ ጭናቸው ተለውሰዋል። ለምን? ሐምሌ ላይ ከሐርቡ ኮምቦልቻ ገበያ በእግሩ የሄደ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ፊት የሄደው መንገዱን ያቦካዋል፣ ኋላ የመጣው ይዘፈቅበታል። ስለዚህ ማን እንደመራ፣ ማን እንደተከተለ፣ ጦሩ ከየት ወደየት እንደሚሄድ ጭቃው ይናገራል ማለት ነው። ይህን ያገኘሁ ቀን ደስ ብሎኝ መደርደሪያውን ከግራም ከቀኝም ፎቶ አንስቼ ለእህቴ ላክሁላት። ሥራ የለሽም እንዴ ብላ መለሰችልኝ። ከእሷ ምን ይጠበቃል።

እቴ ሰዕዲያ የቤቱ ምግብ አብሳይ ናት፣ የባቲ ሰው። ከእናቴ ጥቂት ብታንስ ነው። የዚያን ሰሞን ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ሊያልቅ ተቃርቦ፣ የባባ ሚስት ማዳም ያስሚን ልታድስላት አመንታ ነበር። የሐር ቀሚስ በካውያ አቃጥላባታለች፤ አንድ ሌላ ጥፋት ካየሁ ኸላስ፣ ትሄጃለሽ፣ አለቻት። እቴ ሰዕዲያ ደግሞ መሄድ አትችልም። ባቲ ያለች ልጇ የነርስ ትምህርት ጀምራለች፤ እናትየው ከተመለሰች የሚያስተምራት የለም። ስለዚህ ሴትዮዋ እግሯ መሬት የሚነካ አይመስልም ነበር። የጸዳውን ታጸዳለች፣ የተጠረገውን ትጠርጋለች።

ባባ ለሥራ ለንደን ሄዶ ሐሙስ ሊመለስ፣ በማግስቱ አርብ ጓደኞቹ ሊመጡ ቀጠሮ ነበራቸው። ማክሰኞ ዕለት ማዳም፣ ልንዛወርበት ያለውን አዲሱን ቤት እንዳጸዳ ብላ ሉሰይል ወሰደችኝ። ከሰዓት በኋላ ስንመለስ እቴ ሰዕዲያ በፈገግታ በሩን ከፈተችልን። ማዳም መኝታ ክፍሏ እስክትገባ ጠብቃ እጄን ይዛ ወደ ሳሎን ጎተተችኝ።

ባለ ሰማያዊ ኮቶቹ ያበራሉ። ከጫማቸው እስከ ባርኔጣቸው ሠርግ የተጠሩ ይመስላሉ። ጭቃ የሚባል ነገር የለም።

ጎንበስ ብዬ አንድ በአንድ አየኋቸው። እሷ ግን እንዴት እንደለፋች ትተርክልኛለች። ለብ ያለ ውሃ፣ የዕቃ ሳሙና፣ የጥርስ ብሩሽ። ጭቃው በዱቄት ቀለም የተሠራ ስለነበር ገና ሳሙናው ሲነካው ነው የለቀቀው። ረውዳ በአቧራ ከተባረረች በዚህ ሁሉ ጭቃ ምን ሊመጣብን ነበር አለችኝ። ደግሞስ እንግዳ በሚቀመጥበት ሳሎን እንዲህ ተጨማልቆ ይቆማል? አንቺ ብሩሽ ይዘሽ ትደባብሻቸዋለሽ እንጂ መች አጸዳሽ ብላም ጨመረችልኝ። ስታጥብ ጓንት አድርጋ ነበር፤ በእጄስ አልነካኋቸውም አለች፣ ያ የሚያድናት ይመስል። ስትመልሳቸው ደግሞ እንደ ብርጭቆ በቁመት ደርድራቸዋለች፤ ባለ ረጅም ባርኔጣውና ባንዲራ ያዡ ከኋላ፣ አጫጭሩ ከፊት።

«እቴ፣ ጭቃው እኮ ቀለም ነው» አልኳት።

«የምን ቀለም?»

«ባባ የቀባው። ሆን ብሎ።»

ቁምሳጥኑን አየች፣ እኔን አየች። «ሰው በእጁ ጭቃ ይቀባል? ጤነኛ ነው ሰውየው?»

ከዚያ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ማዳም ቤት እያለች ሶፋ ላይ ተቀምጣ አታውቅም። ፊቷ ላይ ልጇም፣ ኢቃማውም፣ ረውዳም ተራ በተራ ሲያልፉ አየሁ። እኔ እሠራዋለሁ አልኳት። ማን አስተምሮሽ አለችኝ፤ ማንም አልኳት። አላመነችኝም፤ ግን ሌላ ማን አላት።

ረቡዕ ጠዋት ማዳም ወደ ክሊኒኳ ስትሄድ፣ የጥርስ ሐኪም ናት፣ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ጋዜጣ አለበስነውና ጦሩን አወረድነው። መጀመሪያ የተደበላለቀውን መለየት ነበር። ሁሉም ሰማያዊ ለባሽ ነው ብዬ ስደናበር ድንገት ኮሌታቸውን አየሁ፤ የአንዱ ቢጫ፣ የሌላው ቀይ፣ የሌላው ነጭ። ቢጫውን ከቢጫ፣ ቀዩን ከቀይ ሳስቀምጥ ጦሩ ራሱ እየተሰበሰበ መጣ። ለእህቴ የላክሁትን ፎቶ ከፍቼ ማን የቱ ጋ እንደነበረ ቦታ ቦታው መለስኩት። እቴ ሰዕዲያ ስልኩን ይዛልኝ፣ ይሄኛው ፂም ያለው ወደዚያ ነው፣ አይ ያኛው፣ እያለች ታርመኛለች።

ጭቃው ግን አስቸገረኝ። በባባ የቀለም መሳቢያ ውስጥ ያለው የዱቄት ቀለም ጠርሙስ ባዶ ነው። በስልኬ ባየሁት መሠረት ቡናማ ቀለም በቤኪንግ ፓውደር አቦክቼ፣ በተቀደደ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ነካ ነካ አደረግሁበት። የመጀመሪያው የቆሰለ ሰው መሰለ፤ እቴ ሰዕዲያ አዑዙ ቢላህ ብላ ፊቷን አዞረች። ለካ የለመድኩትን የእኛን አገር ቀይ አፈር ነው የሠራሁት። ጠረግሁትና ጥቁር ጨመርኩበት። አሁን ደግሞ ሬንጅ ሆነ። ዶሃ ውስጥ ጭቃ የት ሄጄ ልይ? መስኮቱን ብከፍት አሸዋና አስፋልት ነው።

«ሲደርቅ እኮ ጠርዙ አመድ ይላል» አለች እቴ ሰዕዲያ ሳይታሰብ።

ቀና ብዬ አየኋት።

«እርጥቡ ነው ጥቁሩ። ከላይ ያለው ቀድሞ ስለሚደርቅ ነጣ ይላል። በጉልበቱ በውስጥ በኩል ደግሞ አይያዝም፣ ሲራመድ ይታሻላ።»

እንዳለችው አደረግሁ። ከታች ጥቁር፣ ከላይ አመድማ፣ በጉልበት ውስጥ ንጹሕ። በስልኬ ከማያቸው ባለሙያዎች አንዱም ስለ ጉልበቱ ውስጥ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። ወታደሩን ብርሃን ላይ ስይዘው የሆነ ቦታ ደክሞ የመጣ ሰው ነው። እቴ ሰዕዲያ ተቀብላኝ አገላብጣ አየችውና፣ ይሄስ ደጃፌ ላይ ቢመጣ አላስገባውም፣ ብላ ሳቀች። ማዳም ከመምጣቷ በፊት ሁሉንም ጨርሰን፣ አድርቀን፣ ከፊተኛው እስከ ኋለኛው በየተራው አሰለፍናቸው። ከፎቶው ጋር አስተያየሁት። ልዩነት አለው፤ የእኔ ይሻላል።

ባባ ሐሙስ ደክሞት ገብቶ ተኛ። ቁምሳጥኑን አልከፈተም። እቴ ሰዕዲያ ግን ያን ቀን ምንም አልቀመሰችም። ይታወቀዋል፣ ነገሩ ሳይነገረው ይታወቀዋል፣ ትለኛለች። ዐይን ካለው የሚያየው የእኔን ሥራ ነው፤ ከጠየቀም እኔ ነኝ እላለሁ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ ልቧ ግን ኮምቦልቻን አልፎ ባቲ ደርሷል።

አርብ ከጁምዓ መልስ እንግዶቹ በሉ፣ ሻይ አዞርኩ። ባባ ቁምሳጥኑን ከፍቶ ከባለ ሰማያዊ ኮቶቹ የመጨረሻውን አነሳ። ወደ መስኮቱ ወሰደው። ግንባሩ ላይ ያለውን አጉሊ መነጽር አወረደ። ጉልበቱን አየ፣ ጫማውን አየ፣ ገልብጦ ሥሩን አየ። እኔ የሻይ ትሪ ይዤ ቆሜያለሁ፤ መጠየቅ ፈልጌ ከንፈሬ ይበላኛል። እንዴት ነው? ጥሩ ነው አይደል? ከጓደኞቹ አንዱ፣ ሙክታር የሚባለው፣ ጆሮው ላይ ጠጋ ብሎ የሆነ ነገር አለው። ባባ ወታደሩን በእጁ እንደያዘ ወደ ወጥ ቤቱ በር ዞረና «ሰዕዲያን ጥሪልኝ» አለኝ።

ወጥ ቤት ስገባ ሽርጧን አውልቃ ወንበሩ ላይ አጥፋዋለች። የእጅ ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ ነው።

«ሰማሽ አይደል? ስሜን ጠራ። አንቺን አልጠራም።»

«ምን እንደፈለገ ልጠይቀው፣ አንድ ደቂቃ ቆይ።»

«ወታደሩን በእጁ ይዞ እየጠራኝ ምን ሊፈልግ ነው? ማዳም ገብታ ፓስፖርቴን ይዛ እስክትወጣ ልጠብቅ? ኡም ጉዋይሊና ሰፈር የአክስቴ ልጅ አለች። እዚያ ሠርቼ ልጄን አስጨርሳለሁ።»

«ከወጣሽ ጠፋች ነው የሚሉሽ፣ እቴ። ጠፊ የሆነች ሴት ማን ሥራ ይሰጣታል?»

«ከመባረር ይሻላል» አለች።

ወደ ሳሎን ሮጥኩ። ለምን ፈለግሃት አልኩት፣ ትንፋሼ እየተቆራረጠ። ሙክታር ነው አለኝ፤ ሥጋው ውስጥ ያለው ቅመም ምን እንደሆነ ለሚስቱ ሊነግራት ፈልጎ። ስመለስ የሠራተኛ መግቢያው በር ገርበብ ብሏል፣ ሊፍቱ ወርዷል። ምድጃውን ሳትረሳ አጥፍታ ነው የሄደችው።

ስልኳ ዝግ ነበር። ማዳም በማግስቱ ጠፋች ብላ አስመዘገበቻት። በሚቀጥለው አርብ ኡም ጉዋይሊና ሄጄ፣ ሴቶች ተደራርበው ከሚኖሩበት አንድ ክፍል ውስጥ አገኘኋት። ቅመም ነበር የጠየቁሽ አልኳት። የትኛውን ሥጋ ወደውት ነው አለችኝ፣ የበጉን ነው ወይስ የዶሮውን። ኢቃማ ለሌላት ሥራ የሚሰጥ አልተገኘም። ኋላ ለፖሊስ እጇን ሰጥታ፣ አሻራዋን ተነሥታ ወደ ሀገሯ ገባች። ልጅቷ ትምህርቱን አቁማ ኮምቦልቻ ፋርማሲ ውስጥ ትሸጣለች ሲሉ ሰማሁ።

ወደ ሉሰይል የምንዛወርበት ሳምንት ባባና እኔ ወታደሮቹን በስፖንጅ እየጠቀለልን በሳጥን እናስገባለን። ሌላ ሰው እንዲነካቸው ስለማይፈልግ እኔን ብቻ ነው የጠራኝ። ባለ ሰማያዊ ኮቶቹን በጭቃቸው ተራ ሳስገባ አየኝና፣ ማን ነገረሽ አለ፤ ማንም አልኩት። የቀለም መሳቢያውን ስናራግፍ አንድ ያልተከፈተ ጠርሙስ አገኘሁ። የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ አንብቤ ቀለም ማስለቀቂያ መሆኑ ገባኝ፤ እንዲህ ሁሉን በሥርዓት የቀባ ሰው ይህን ለምን እንደገዛው ግን አልገባኝም። ጠየቅሁት።

ጠርሙሱን ተቀብሎኝ ወደ ቆሻሻው ከረጢት ወረወረው።

«ከለንደን ያመጣሁት ነው፣ የዚያን ጊዜ» አለ። «ያን ጭቃ ተማሪ እያለሁ ነበር የቀባሁት፣ ባየሁት ቁጥር ያሳፍረኝ ነበር። እንደተመለስኩ ከሁሉም ላይ ላጥበው ነበር። የዚያን አርብ አንዱን አንሥቼ ሳየው ግን እንዳሰብኩት መጥፎ አልነበረም፤ ተውኩት።»